ንግግርና ቀጠሮ

በየዘመኑ ከባለሥልጣኖች አፍ የማይጠፋ ርእስ ቢኖር ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ የሚነገረው ነው። ዳኛ ሲሾም ይነገራል፤ ሚኒስትር ሲለወጥ ይነገራል፤ አዲስ ዐዋጅ ሲወጣም እንደዚሁ። እኔም አስተማሪ እንደ መሆኔ ተማሪዎቼ የሰሙትን ይዘው ይጠይቁኛል። ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለውን ንግግር እንዴት አድርገን ብንሰማው እንደሚሻል ከአንባቢዎቼ ጋር ጥቂት ለመጨዋወት አስቤአለሁ።

አሳቡን ያመጣብኝ አንድ ጉዞ ነው። ባለፈው ዓመት መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተበት ሳምንት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ አጠገቤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት በደረታቸው አቅፈዋል። የሾፌሩ ራዲዮ አንድ ባለሥልጣን ስለ ፍትሕ ማሻሻያ የተናገሩትን ያሰማ ነበርና ሽማግሌው ጥቂት አዳምጠው ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ እኒህ ሰው የሚናገሩት ስለኛ ፍርድ ቤት ነው?»

«ስለ ሁሉም ነው፣ አባቴ» አልኋቸው።

«እንግዲያማ ይችን አንብብልኝ» ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ።

ነገሩ የእርሻ ድንበር ነው። ጎረቤቴ ድንበሬን ገፍቶ አረሰብኝ ብለው በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰዋል፤ የትኛው ወረዳ እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተቀጥረው አራቱንም ጊዜ ሳይሰሙ ተመልሰዋል። በመጀመሪያው ቀን በጦርነቱ ምክንያት ችሎት አልዋለም። በሁለተኛው መዝገቡ አልተገኘም። በሦስተኛው፣ ጤፍ በሚታጨድበት በኅዳር፣ የሁለት ምስክሮቻቸውን የመኪናና የምሳ ችለው ቢመጡ ዳኛው አልነበሩም። በአራተኛው ቀን ግን በበሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አገኙ። ፊደል ስላልቈጠሩ አንድ ጎረምሳ አነበበላቸው፤ ዳኞቹ ስለ ቀልጣፋ ፍትሕ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ስለ ሆኑ ቀጠሮው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል ይላል።

ሽማግሌው ይኸን ሲነግሩኝ አልተቈጡም። ፈገግ ብለው፣ «መቼም ሲሠለጥኑ ደኅና አድርገው ይፈርዱልኛል» አሉ። እኔ ግን ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ጠፋኝ። በዚያን ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄዱትም ጠበቃ ፍለጋ ነበር። አዲሱ ቀጠሮ በ22 መሆኑን ሳነብላቸው፣ «የማርያም ማግስት ማለት ነው» ብለው ወረቀቱን መልሰው ጠቀለሉት።

ንግግር ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ1946 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን ሲያቋቁሙ የሰጡት ቃል ትልቅ ፍሬ አፍርቷል። የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ወጣ፤ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግም 3,367 አንቀጾች ይዞ በ1952 ታወጀ። ሽማግሌው ያቀረቡት፣ በፍርድ ቤት ቋንቋ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ፣ መሠረቱ የዚሁ ሕግ ቍጥር 1149 ነው። እንግዲህ ከሰባ ዓመት በፊት የተነገረ ቃል ዛሬም ለአንድ የቡሬ ገበሬ መከሰሻ ሆኖታል ማለት ነው።

ነገር ግን ከመናገሪያው አዳራሽ እስከ ገበሬው ደጅ ያለው መንገድ ረዥም ነው። ለዚህም ከጎጃም የበለጠ ምስክር አይገኝም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ዐሥራት ቀርቶ ገበሬው እንደ ገቢው መጠን እንዲከፍል ነው። ጎጃሜ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ከእጄ ሊወጣ ነው ብሎ ሰማ። ከዐዋጁ በፊት ከግብር ሰብሳቢዎች ያየው በደል ስለ ነበረ ዐዋጁን የመዘነው በሚያውቃቸው ሹሞች ነው። በዚያው ዓመት ሕዝቡ ሸፈተ፤ ጦር ዘመተበት፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ተነሡ፤ የተጠራቀመው የግብር ዕዳም ተሰረዘ። ሕግ አስፈጻሚው ካልታመነ ሕጉም እንደማይታመን ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ የፍርድ ቤት ማሻሻያ ንግግር እንደገና ደመቀ። ከዚህም በኋላ ስለ ዳኝነት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1233/2013፣ ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ዐዋጅ ቍጥር 1234/2013 ወጡ። ይህ መልካም ነው። ሆኖም አንባቢዎቼ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እወዳለሁ፤ እነዚህ ዐዋጆች የፌዴራል ናቸው። የሽማግሌው ክርክር የሚጀመረው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ይግባኙ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወደሚገኘው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያመራል። አዲስ አበባ ላይ የተነገረው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ሳይደርስ ሊቀር የሚችለው በዚህም ምክንያት ጭምር ነው። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት ግን ሁሉንም ያስራል፤ አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። ውሳኔ የማግኘት እንጂ ቀጠሮ የመቀበል መብት አይልም።

በኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከድንበር ክርክርም ያልፋል። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ጦርነት ሲነሣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ጉዳቱ ከደረሰባቸው ከተሞች መካከል ነበሩ። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሲያጸድቅ ፍትሕ የሚለው ቃል በየስብሰባው ተደጋገመ። ልጁን የቀበረ ሰው ይኸን ቃል ሲሰማ በፊቱ የሚመጣበት ያ ጉዳቱ ነው፤ ፍርድ ቤቱን የሚመዝነው ግን በሚያውቀው በትንሹ ነገር፣ በወረዳው መዝገብ ቤት ነው። የድንበሩን ነገር አራት ጊዜ ያንከራተተው ቢሮ የልጁን ደም ይመረምርልኛል ብሎ እንዴት ይመን?

እንግዲህ ንግግርን እንዴት እንስማ? ለተማሪዎቼ የምነግራቸው የሰዋስው ትምህርት ነው። ከአንድ ንግግር ውስጥ ግሦቹን ልቀሙ እላቸዋለሁ። «ይሻሻላል፣ ይጠናከራል፣ ይረጋገጣል፣ ተገልጋይ አይጉላላም።» ሁሉም ተደራጊ ግሦች ናቸው፤ አድራጊው ግን ተሰውሯል። ማን ነው የሚያሻሽለው? እስከ መቼስ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልስ ዐረፍተ ነገር ከተገኘ እርሱን በደብተራችሁ ጻፉት፤ በዓመቱም ገልጣችሁ ተናጋሪውን በቃሉ ያዙት። ያልመለሰውን ግን እንደ መልካም ምኞት ቍጠሩት።

ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኞች አንባቢዎቼ ደግሞ የምለው ሌላ ነው። የተሰወረው አድራጊ ብዙ ጊዜ ሚኒስትሩ ወይም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። መዝገቡ «ጠፋ» ሲባል ያላገኘው አንድ ሠራተኛ ነው። ዳኞቹ ለሥልጠና እንደሚሄዱ ከሳምንት በፊት በደብዳቤ ታውቋል፤ ማስታወቂያው የተለጠፈው ግን ባለጉዳዩ ደጅ ከደረሰ በኋላ ነው። ዛሬ በየገጠሩ የእጅ ስልክ አለ። በመዝገቡ ሽፋን ላይ የባለጉዳዩን ወይም የልጁን ስልክ የሚጽፍ፣ ቀጠሮ ሲለወጥም ደውሎ «አባቴ፣ አይምጡ፤ ወደ 22 ተዛውሯል፤ የማርያም ማግስት ነው» የሚል አንድ ጸሐፊ ቢኖር የሦስት ሰው የአጨዳ ቀን ይተርፍ ነበር። ይህ ሥራ ዐዋጅም በጀትም አይጠይቅም።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይሉ ነበር። ሰው በዚያ ቃል የሚቆመው ሕጉ ከቃሉ ኋላ መኖሩን ስለሚያምን ነው። ይኸ እምነት ሲጠፋ ሰው ነገሩን በዱላና በጥይት መጨረስ ይጀምራል፤ የድንበር ጠብ ወደ ደም ሲለወጥ በየመንደራችን አይተናል። የቡሬው ሽማግሌ ከአራት ከንቱ ቀጠሮ በኋላም ወረቀታቸውን ይዘው መንገድ ላይ ናቸው፤ እስካሁን ዱላ አላነሡም። በአምስተኛው ቀጠሯቸው መዝገቡን ከመደርደሪያው አውጥቶ በጊዜ ለችሎት የሚያቀርበው ማን እንደ ሆነ ግን አንባቢዎቼ፣ ከመካከላችሁ አንዱ ያውቀው ይሆናል።