ማንም ያላቃጠለው መጽሐፍ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባሕር የለም። ሆኖም የውጭ አገር ስሙ እዚያም «ባሕር ማዶ» ነው። ማዶውን አይተው የጻፉልንን ግን ስንቶቻችን አነበብናቸው?

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በጌምድር ውስጥ፣ አንቺም ላይ፣ ራስ ጉግሣ ወሌ ሲዋጉ አውሮፕላን ቦምብ ጣለባቸው። ለብዙ ዘማች የሥልጣኔ የመጀመሪያ መልክ ይህ ነበር። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥልጣኔው ከሚሠራበት አገር አንዱን ሊያዩ በመርከብ ወደ ጃፓን ሄዱ።

የዚያን ዘመን የባሕር መንገድ አስቡት እስቲ! ጅቡቲ የፈረንሳይ ነው፤ ኮሎምቦና ሲንጋፖር የእንግሊዝ፤ ሳይጎን እንደገና የፈረንሳይ። ከዚያ ሁሉ ወደብ በኋላ የራሷ ባንዲራና የራሷ ፋብሪካ ያላት ጃፓን ትመጣለች። ኅሩይ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በዚያው ዓመት አሳተሙ።

«ጃፓን መቼ ጠቀመችን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጣሊያን ሲወረን ኋላ ወረራውን አወቀችለት፤ ኅሩይም በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በስደት ሞቱ። ግን አገር የት ላይ ተስፋ እንዳደረገችና ተስፋዋ ለምን እንደከሸፈ የምናውቀው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ስናነብ አይደለም እንዴ?

የቻይናው መልእክተኛ ጉዎ ሶንግታዎ በ1869 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሲጓዝ የጻፈው የባሕር ማስታወሻ ፈረንጅን አሞገሰ ተብሎ ማተሚያው እንዲጠፋ ታዘዘ። እነሱ ቢያንስ አንብበው ነው የተናደዱት። እኛስ?