አዋላጇ ታልና ናት!

«ኤትሩስካውያን የግሪክ ግልባጭ ናቸው» እያላችሁ የምትከራከሩን ወዳጆች፣ እስቲ በጣሊያን አገር ቦሎኛ ሙዚየም ያለውን የነሐስ መስታወት ጀርባ ተመልከቱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ ነው። የአማልክቱ ንጉሥ ቲኒያ ተቀምጧል፤ ሜንርቫ ከነትጥቋ ከአናቱ ትወጣለች፤ አንጥረኛው ሴትላንስም አጠገባቸው ቆሟል። ተረቱ የግሪክ ነው፤ የዜውስና የአቴና ልደት። አልካድንም! ግሪኮችም ቢሆኑ የወሊዷን አምላክ ኤይሌይቲያን ከዜውስ አጠገብ ይስሉ ነበር።

ነገር ግን እዚህ የሚያዋልዱት ታልናና ታንር ናቸው፤ ስማቸው በኤትሩስክ ፊደል ተቀርጿል። አፖሎንን አፑሉ፣ ሄራክልስን ሄርክሌ ብለው የተዋሱ ሰዎች፣ ለአዋላጇ ሲሆን ስም አልተበደሩም። ይሄ ግልባጭ ነው እንዴ?

መስታወቱ ደግሞ የሴት ዕቃ ነው። ባለቤቲቱ በአንዱ ወገን ፊቷን ታያለች፤ በሌላው ወገን ንጉሡ እንኳ ያለ አዋላጅ እንዳልወለደ ታያለች። (ወንዶቹ ልብ በሉ!) እንዲህ ያለው መስታወት ብዙ ጊዜ ከሴቲቱ ጋር መቃብር ይወርድ ነበር።

የኤትሩስካውያን ሥነ ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ታዲያ መጽሐፍ የላቸውም ብሎ ታልናን በግሪክ መጽሐፍ ብቻ ማንበብ ስንፍና ነው እንላለን። ለሚቀጥለው ክርክር ሥዕሉን ይዘን እንመጣለን፤ መልስ ያለው ይምጣ።