አሥራ አራት ዓመት ሥራ ፈት የመሰለው ሰው

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው መኪና ለማቆም ወደ ፓርኪንግ የገባ ሰው፣ ትኬት ቆርጦ የሚሰጠውና ቁልፉን የሚረከበው ሀበሻ ሆኖ ቢያገኘው አይደነቅም። ከእነዚህ የፓርኪንግ ሠራተኞች መካከል ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ የተመረቀ፣ አገር ቤት ሳለ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ሒሳብ ክፍል ጥሩ ወንበር የነበረው፣ ዲቪ ደርሶት በ2018 የመጣ ሰው አለ ብሎ ማሰብ አያስቸግርም። ስሙና መልኩ ይለያይ እንጂ እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አለ።

ይህ ሰው በ2024 አንድ ቀን «በቃኝ፣ ወደ ሙያዬ ልመለስ» ብሎ ቆርጦ ተነሣ እንበል። ሬዙሜ ጻፈ። ትምህርት፦ በ2004 በአካውንቲንግ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ ከ2005 እስከ 2010 አካውንታንት። ከዚያ በታች አድራሻና ስልክ ብቻ። ወረቀቱን ለሃምሳ ቦታ ላከ፤ ከአንዱም መልስ አልመጣም። «የሀበሻ ዲግሪ እዚህ አገር ዋጋ የለውም» ብሎ ደመደመ፤ ለሚቀጥለው ሰውም ይህንኑ መከረ።

ቀጣሪው ግን ወረቀቱ ላይ ያየው ሌላ ነገር ነው። በ2010 ሥራ አቁሞ እስከ 2024 ድረስ አሥራ አራት ዓመት እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ነው ያየው። ሰውየው ግን በእነዚያ ዓመታት አንድ ወር እንኳ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አሥራ አራቱ ዓመት የት ገባ ቢባል፣ ስምንቱን የበላው የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ገልብጦታል፤ ሐምሌ 2010 ማለት ፈረንጆቹ ጁላይ 2018 የሚሉት ነው። ቀሪውን ስድስት ዓመት ደግሞ ሆን ብሎ ራሱ ሰርዞታል። ፓርኪንግ መሥራቱን መጻፍ አሳፍሮት ነው።

የዘመኑ ነገር በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጅ አዲስ ዓመት እስኪገባ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። ግማሹን በኢትዮጵያ፣ ግማሹን በፈረንጅ አቆጣጠር እየቀላቀሉ መጻፍ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ሰው ሳይወለድ የተመረቀ፣ ከመመረቁ በፊት ጡረታ የወጣ የሚመስልበት ሬዙሜ ቢወጣ ቀጣሪው ዋሾ ነው ብሎ ቢጥለው አይፈረድበትም።

የሐፍረቱ ነገር ግን በአምስት ደቂቃ አይለቅም፤ መነጋገር የሚያስፈልገውም ስለ እሱ ነው።

«የተማርኩት ሌላ፣ የምሠራው ሌላ» የሚለው ቁጭት እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ይሁን እንጂ ለአሜሪካዊ ቀጣሪ ዓመቱ ባዶ ሆኖ ከሚታይ ፓርኪንግ ተሞልቶ ቢታይ እጅግ ይሻላል። ስድስት ዓመት በአንድ ቦታ የቆየ ሠራተኛ ማለት በሰዓቱ የሚገባ፣ ካሽ ተረክቦ ያላጎደለ፣ ከተቆጣ ደንበኛ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋግሮ ያበረደ ሰው ማለት ነው። ማታ ሒሳብ የሚዘጋና አዲስ የገቡትን የሚያሠለጥን ከሆነ ደግሞ ሥራው ከሒሳብ ሙያ ያን ያህል አልራቀም። የአሜሪካን የሥራ ልምድ የለህም እየተባለ የሚመለሰው ሰው፣ ያለውን የአሜሪካን የሥራ ልምድ በገዛ እጁ መደበቁ ያሳዝናል። ታክሲ የነዱ፣ ሆቴል ያጸዱ፣ አረጋውያንን የጠበቁም እንዲሁ ናቸው። ሥራውን ዘርዝሮ ማስረዘም አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። ባዶ ግን አይተውም።

ሁለተኛው ችግር ከአስተዳደግ የመጣ ነው። «እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ስለ ራሱ አንድ ገጽ ጽፈህ አምጣ ሲባል እጁ ይተሳሰራል። አገር ቤት ሥራ የሚጠየቀው በማመልከቻ ነበር። «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ይልና «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» ብሎ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ «በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። የባሰበት ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊ መሆኑንና ችግሩን ይጨምርበታል። ማመልከቻው ስለ ሰውየው ችሎታ ብዙም አይናገርም፤ የሚናገረው ከኋላ የተያያዘው ማኅተም ያለበት ማስረጃ ነው። ሰው ራሱን አያመሰግንም፣ ማኅተም ያመሰግነዋል።

አሜሪካን አገር ማኅተሙ የለም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ አመልካችም እምብዛም የለም፤ የቀድሞ አለቃ ስልክ ተደውሎለት ይጠየቃል እንጂ። ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ መናገር አለበት። ያንን የአገር ቤት ማመልከቻ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ «እባካችሁ እርዱኝ» የሚል ደብዳቤ ማያያዝ፣ የሚያነበውን ሰው ያሳቅቀው ይሆናል እንጂ አያስቀጥርም። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ሥራው ለአመልካቹ ምን እንደሚጠቅመው አይደለም፤ አመልካቹ ለሥራው ምን እንደሚጠቅም ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ይህን ሲሰማ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። «ታታሪ፣ ቅን፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» እያለ ቅጽል ይደረድራል። ይህ ጉራም አይደለም፣ ምንም አይደለም፤ ሰነፉም ሌባውም ይህንኑ ይጽፋል። «የ240 ሠራተኞችን ደመወዝ በየወሩ አዘጋጅ ነበር» ብሎ መጻፍ ግን ራስን ማመስገን አይባልም፤ የተቆጠረ ነገር ነው። ትሕትናው የማይለቀው ሰው ቅጽሉን ትቶ ቁጥሩን ይጻፍ፤ ቁጥር መጻፍ ነውር አይሆንም።

ቃላትም ያሳስታሉ። አገር ቤት «ዲፕሎማ» ሲባል ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት የተማረ ሰው ነው፤ አሜሪካዊው ግን ዲፕሎማ ብቻውን ተጽፎ ካየ የሃይስኩል ምስክር ወረቀት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «10+3» የሚለውንማ ማን ይፍታው? ስንት ዓመት እንደ ተማሩ፣ ምን እንደ ተማሩ በግልጽ መጻፍ ነው። አካውንታንቱ ጓደኛ ደግሞ በፒችትሪ እንደ ሠራ ይጽፋል። ፒችትሪ አሜሪካን አገር ዛሬ ሴጅ 50 ተብሎ ነው የሚሸጠው፤ ወጣት ቀጣሪ የድሮውን ስም ላያውቀው ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ትልልቅ ድርጅቶች ሬዙሜውን መጀመሪያ የሚያስገቡት በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ከዚያም የሚፈልጉትን ቃል እየጻፉ ያወጣሉ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቃል ሬዙሜው ላይ ከሌለ፣ ችሎታው ቢኖርም ወረቀቱ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። በሠንጠረዥና በሥዕል ያጌጠ ሬዙሜም ኮምፒዩተሩ በቅጡ ላያነበው ስለሚችል፣ ቀለል ብሎ የተጻፈው ይሻላል። ዲግሪውን ደግሞ በአሜሪካን ደረጃ ማስገመት የሚፈልግ፣ ከ1974 ጀምሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ዎርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስን የመሰለ ድርጅት አለ። አንዳንድ ቀጣሪዎች ይጠይቁታል፣ አንዳንዶቹ አይጠይቁትም፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማጣራት ነው።

ፎቶግራፍና የጋብቻ ሁኔታ የሚያያይዙም አሉ። ዱባይ ወይም ዶሃ ቢሆን ፎቶ፣ ዜግነትና የቪዛ ሁኔታ መጻፍ የተለመደ ነው። ጀርመን አገርም ፎቶ የቆየ ልማድ ነው፤ ከ2006ቱ የእኩልነት ሕግ ወዲህ ግን ግዴታ አይደለም። አሜሪካን አገር ሲሆን አይደረግም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ማዳላትን ከልክሏል፤ የ1967ቱ ሕግ ደግሞ ዕድሜያቸው 40 የሞላቸውንና ከዚያ በላይ የሆኑትን ይጠብቃል። ቀጣሪው አድልቷል እንዳይባል ይፈራልና ፎቶውን ባያይ ይመርጣል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ አሜሪካን የተሻገሩ እህቶች የድሮውን ሲቪ እንዳለ ሲልኩ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ አለ ማለት ግን አድልዎ የለም ማለት አይደለም። በ2004 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ነበር። ሁለት ተመራማሪዎች በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5,000 የሚጠጋ የፈጠራ ሬዙሜ ላኩ፤ የነጭ የሚመስል ስም ያለባቸው የጥቁር የሚመስል ስም ካለባቸው 50 በመቶ የበለጠ ጥሪ አገኙ። በቶሮንቶ የተደረገውና በ2011 የታተመው ጥናት ደግሞ ወደ መጤዎች ይበልጥ ይቀርባል። የእንግሊዝ ስም ያላቸው፣ ተመሳሳይ የካናዳ ትምህርትና ልምድ ይዘው የቻይና፣ የሕንድ ወይም የፓኪስታን ስም ካላቸው ወደ 40 በመቶ የበለጠ ተጠርተዋል።

ይህን ሰምቶ ስሙን ከጌታቸው ወደ ጋሪ የሚለውጥ አለ። የራሱ ምርጫ ነው። ነገር ግን አባት ያወጣውን ስም ለአንድ የስልክ ጥሪ መለወጥ ውድ ዋጋ ነው፤ ይልቅ የሚጎዳው የስሙ አጻጻፍ መዘበራረቁ ነው። ዲግሪው ላይ በአንድ ፊደል፣ ግሪን ካርዱ ላይ በሌላ፣ ሬዙሜው ላይ በሦስተኛ ተጽፎ ሲገኝ፣ ማስረጃ የሚያጣራው ክፍል አንድ ሰው መሆኑን ማወቅ ይቸግረዋል። በፓስፖርት ያለውን ይዞ በየቦታው አንድ ዓይነት መጻፍ ነው።

ስለ ውሸት ደግሞ ሳይነገር አይታለፍም። ከጓደኛ ሬዙሜ ላይ ስሙን ብቻ ለውጦ መላክ፣ ያልሠሩበትን ድርጅት ጽፎ የአክስት ልጅን ስልክ «የቀድሞ አለቃ» ብሎ መስጠት በየካፌው እንደ ብልኀት ይወራል። ብልኀት አይደለም። የማመልከቻ ፎርሞች ላይ ብዙውን ጊዜ ከፊርማው ከፍ ብሎ በትንሹ የተጻፈ ነገር አለ፤ ሐሰት ከተገኘ፣ ከተቀጠሩ በኋላም ቢሆን ያስባርራል ይላል። የሚባረረው ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የሀበሻ ሬዙሜ ቀጣሪው በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ እየከፈሉ ሬዙሜ ማስጻፍ አያስፈልግም። በየክፍለ ሀገሩ በነፃ የሚያግዙ አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባሉ ቢሮዎች አሉ። በ1983 የተቋቋመውና አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትም ስደተኞችን ሲያቋቁም የኖረ ድርጅት ነው። ከሁሉም የሚቀርበው ግን ቀድሞ ቢሮ የገባው የአገር ልጅ ነው፤ ወቀሳም የሚገባው እሱ ነው። «ሬዙሜህን ላክልኝ» ይላል፣ ይላክለታል፣ ከዚያ ስልክ አያነሣም። ሥራ እንዲሰጥ የጠየቀው ማንም የለም። አንድ ገጽ ወረቀት አንብቦ «ይህ ዓመት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ያ አካውንታንት እንዲህ ያለ ጠያቂ ቢያገኝ ምን ይሆን ነበር? እሑድ ከሰዓት፣ በሆስፒታል ሒሳብ ክፍል የምትሠራ የሠፈሩ ልጅ ወረቀቱን ስታነብ «አንተዬ፣ ከ2010 ወዲህ የት ነበርክ?» ትለዋለች። «ፓርኪንግ ነዋ፣ ምን ይጻፋል?» ይላታል። «በቀን ስንት መኪና ታስተናግዳለህ?» ትለዋለች። «ማን ቆጥሮት!» «ትኬቱ ቁጥር የለውም እንዴ?»

አለው። ሰውየው ጥቂት ዝም ይልና እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ ናፕኪኑ ላይ የሰኞን፣ የማክሰኞን፣ የረቡዕን ማባዛት ይጀምራል።