ሪቨርብ ከመግዛታችሁ በፊት አንዴ አጨብጭቡ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ቤት ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ከፍቻለሁ፤ የትኛው ሪቨርብ ይሻለኛል?» ለእያንዳንዱ ስመልስ ከረምኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደከመኝ። እዚህ አንዴ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ ጋ ዘፋኙ ማይክ ፊት እንደቆመ «ኤኮ ጨምርልኝ» ይላል። ኤኮ የገደል ማሚቶ ነው፦ ትጣራለህ፣ ቆይቶ ድምፅህ ራሱን ችሎ ተመልሶ ይመጣል። ሪቨርብ ሌላ ነው። ድምፅህ ከግድግዳው፣ ከጣሪያው፣ ከወለሉ እየተጋጨ ሲመላለስ፣ ምላሾቹ በጣም ተጠጋግተው አንዱን ካንዱ መለየት ሲያቅትህ የሚቀረው ጅራት ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አጨብጭበህ የምትሰማው እሱን ነው። ክፍል ውስጥ «ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል» ብዬ ያስጻፍኳችሁ ለፈተና ብቻ አልነበረም፤ ለዚህም ነበር።

አቋሜን ልንገራችሁና ምክንያቱን ቀጥዬ ላምጣ። አሶሳ ውስጥ ላለ የቤት ስቱዲዮ ሪቨርብ መግዣ ብላችሁ አንድ ብር አታውጡ። መጀመሪያ ክፍላችሁን አስተካክሉ። ከዚያ በነፃ ከሚገኘው አንዱን አጭሩን ምረጡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደረቁን ቅጂ፣ ማለትም ምንም ያልተቀባውን፣ በፍጹም አታጥፉ።

ይህን የምለው ስላነበብኩ ብቻ አይደለም። አጥፍቼ ነው የተማርኩት።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ አያቱን ይዞ ቤቴ መጣ። አዛውንቱ በበርታኛ የድሮ ዘፈን ያውቃሉ፤ ልጁ ድምፃቸው እንዲቀር ፈልጓል። ክረምት ነበር። የአሶሳን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ማይክ፣ ጎንህ የተቀመጠ ሰውም አይሰማህም። ዝናቡ አባርቶ ባገኘናት አንድ ሰዓት ቸኩለን ቀዳን። አዛውንቱ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጭብጨባ ብቻ አምስት ደቂቃ ዘፈኑ። እኔ ደግሞ አዋቂ ልሁን ብዬ «ትልቅ አዳራሽ» የሚለውን ሪቨርብ፣ አራት ሰከንድ ጅራት ያለውን፣ ለበጥኩበት። ስንሰማው እንባችን መጣ። ድምፃቸው ከሰማይ የሚወርድ ይመስል ነበር። ከነሪቨርቡ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ኮምፒውተሬ ሞልቶ ስለነበር ዋናውን ፋይል አጠፋሁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ አዛውንቱ አረፉ። ቤተሰቡ የዘፈኑን ግጥም ለልጆቹ በጽሑፍ ማስቀረት ፈለገ። ሦስት በርታኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ጆሮ ማዳመጫ እየተቀባበሉ ቁጭ አሉ። የመጀመሪያው ክፍል እንደምንም ወጣ። ሁለተኛው ላይ ተለያዩ። አንዱ እንዲህ ነው አለ፣ ሌላው የለም እንዲያ ነው አለ፣ ሦስተኛዋ ዝም አለች። በርታኛ የቃና ቋንቋ ነው፤ ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የቃሉ ትርጉም ሊለወጥ ይችላል። ጉሙዝኛም እንዲሁ ነው። የእኔ አራት ሰከንድ ጅራት የቀደመውን ቃል ቃና እየጎተተ የሚቀጥለው ላይ ያለብሰዋል። የሚጠየቁት ሰው ደግሞ የሉም። እስከ ዛሬ ያ ክፍል ባዶ መስመር ሆኖ ተቀምጧል።

በኋላ አሰላሁት። በ48 ኪሎኸርትዝ፣ በ24 ቢት፣ በአንድ ማይክ የተቀዳ አምስት ደቂቃ ድምፅ 43 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለች አንዲት የሠርግ ቪዲዮ ትበልጠዋለች። ለ43 ሜጋባይት ብዬ ነው ያጠፋሁት።

እና ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሥሩ ክፍሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ያሠራው የትምህርት አዳራሽ ውስጥ መምህሩ ሲናገር ተማሪ አይሰማም ነበር። እንዲያስተካክል የተነገረው ዋላስ ሳቢን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ነው። አንድ ቃል አዳራሹ ውስጥ እስከ አምስት ሰከንድ ተኩል ሲንሳፈፍ ይቆይ ነበር። ሰውዬው ምን አደረገ? በአቅራቢያው ካለ ቲያትር ቤት የወንበር ትራሶች ሌሊት ሌሊት እያስመጣ ደረደረ፤ በኦርጋን ቧንቧና በሰዓት እየለካ ትራስ በጨመረ ቁጥር ጅራቱ ስንት እንደሚያጥር መዘገበ። ዛሬ ድረስ አዳራሽ የሚሠሩ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ቀመር ከዚያ የተነሣ ነው። የዘመናዊው የክፍል ድምፅ ሳይንስ የተጀመረው በትራስ ነው ብላችሁ ብታወሩ ብዙ አልተሳሳታችሁም።

አሁን ተነሡና ክፍላችሁ መሀል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ከላይ ቆርቆሮ ከሆነ «ጭንንን» የሚል የብረት ድምፅ ይመለስላችኋል። እሱ ነው የመጀመሪያው ሪቨርባችሁ፤ ያውም ሳትጠይቁት የተሰጣችሁና ከቅጂው ላይ የማይለቅ። በእሱ ላይ ሌላ ስትጨምሩበት ያለቀ ወጥ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው።

መፍትሔው ቤታችሁ ውስጥ አለ። ከዘፋኙ ጀርባ ፍራሽ አቁሙ፣ ከጎን ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣሉ። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ካለ በሩን ክፈቱት። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ፣ ተዉት፤ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ከመቀነስ በቀር ወፍራሙን አይነካውም። ክልላችን ደግሞ የቀርከሃ አገር ነው። በቀርከሃ ፍሬም ሠርታችሁ አሮጌ ብርድ ልብስ ብትወጥሩበት፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ብታቆሙት፣ ከውጭ ተገዝቶ ከሚመጣው ስፖንጅ የሚያንስ ነገር የለውም። ርዝመቱ የተለያየ ቀርከሃ ጎን ለጎን ብትደረድሩ ድምፁን ባይውጠውም ይበትነዋል።

ትልልቆቹ ስቱዲዮዎችም እንዲሁ በብልሃት ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1947 ቢል ፑትናም የሚባል የቺካጎ ባለሙያ የስቱዲዮውን መታጠቢያ ክፍል እንደ ማስተጋቢያ ተጠቅሞበታል። ድምፁን በስፒከር ወደዚያ መላክ፣ በማይክ መልሶ መቅዳት፣ በቃ። በ1957 ኢኤምቲ የሚባል የጀርመን ኩባንያ ትልቅ የብረት ዝርግ በፍሬም ወጥሮ በማንቀጥቀጥ ሪቨርብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ፤ ክብደቱ 270 ኪሎ ገደማ ነበር። በ1976 ደግሞ ይኸው ኩባንያ የዲጂታሉን አመጣ። «ፕሌት» የሚለውን ስም ፕሮግራማችሁ ውስጥ ስታዩ ያን የብረት ዝርግ አስቡ። 270 ኪሎው ዛሬ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ነው ያለው።

ምርጫው ይኸውና። ሪፐር የምትጠቀሙ «ሪያቨርቤት» አብሮት ይመጣል፤ ቀላል ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተርም አያደክምም። «ድራጎንፍላይ ሪቨርብ» ነፃ ነው፤ ክፍልም አዳራሽም ፕሌትም አለው። «ቫልሃላ ሱፐርማሲቭ» ነፃ ነው፤ ግን ለሰፊ የህዋ ዓይነት ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ለዘፋኝ የመጀመሪያ ምርጫ አታድርጉት። የተሰበረ ፕሮግራም ከቴሌግራም እያወረዳችሁ ቫይረስ አታምጡ። ነፃው ይበቃል።

ከስሙ ይልቅ አቀማመጡ ነው ለውጥ የሚያመጣው። ለንግግርና ለባህል ዘፈን «ሩም» የሚለውን ከ0.4 እስከ 0.8 ሰከንድ አድርጉት። ለዘመናዊ ዘፋኝ «ፕሌት» ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ ይበቃል። «ፕሪ-ዲሌይ» የሚለውን ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ስጡት፤ ቃሉ ቀድሞ ይሰማል፣ ጅራቱ ይከተላል። ከ250 ኸርትዝ በታች ያለውን ከሪቨርቡ ላይ ቁረጡ፤ አለዚያ ይደፈርሳል። ሪቨርቡን በየትራኩ አትደርድሩ፤ አንድ ለብቻው ክፈቱና ሁሉንም በ«ሴንድ» ወደ እሱ ላኩ፤ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። መጠኑን ለመወሰን እስክትሰሙት ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ትንሽ መልሱት። ስታጠፉት «ምን ጎደለ?» የሚያሰኝ ከሆነ ልክ ነው። በመጨረሻ በስልክ ስፒከር ስሙት፤ አድማጫችሁ ስልኩ ላይና ባጃጅ ውስጥ ነው ያለው።

ዋዛን ለምትቀዱ ልጆች ለብቻው አንድ ነገር ልበል። ዋዛ ከቅል የሚሠራ የበርታ ረጅም ጥሩምባ ነው፤ አንዱ ጥሩምባ አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በየተራው ቦታውን ሲሞላ ነው። የአንዱ ጅራት ከረዘመ የሚቀጥለውን ሰው ድምፅ ይሸፍናል፤ ያ ሁሉ መቀባበል ገንፎ ይሆናል። ደግሞም ዋዛ የሜዳ ጨዋታ ነው። ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም። ከሜዳ አምጥተን የድንጋይ ካቴድራል ውስጥ ስናስገባው ምን እያልን ነው?

ቦታ ማሳየት ከፈለጋችሁ የራሳችንን ቦታ አሳዩ። ሪፐር ውስጥ «ሪያቨርብ» የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ፤ የአንድን እውነተኛ ቦታ ማስተጋባት ቀድታችሁ ስትሰጡት ድምፃችሁን እዚያ ቦታ ያስገባዋል። ፊኛ ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም የቀርከሃ ጎጆ ሂዱ፣ ማይኩን አስቀምጡ፣ ፊኛውን አፈንዱ፣ ጅራቱን እስኪያልቅ ቅዱ። የሌላ አገር አዳራሾችና ቤተ ክርስቲያኖች ስም በየፕሮግራሙ ተደርድሯል፤ የአሶሳ የቀርከሃ ቤት ግን ማንም አይሠራላችሁም።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ ሕዝቡ ኤኮ ይወዳል» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። እኔም በካሴት ዘመን ያደግሁ ነኝ፤ ያ በኪቦርድና በኤኮ የታጠበ ዘፈን ሲመጣ ልቤ ይሄዳል። ለሠርግ፣ ለክሊፕ፣ ዘፋኙ ከፈለገ ጨምሩለት፤ ገበያውን አልቃወምም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሪቨርብ ነገም ከነገ ወዲያም ይጨመራል፤ ማውጣት ግን አይቻልም። አሁን የሚቀንሱ ፕሮግራሞች መጥተዋል። የአዛውንቱን ዘፈን በእነሱ ሞክሬዋለሁ። ጅራቱን ሲቆርጡ የቃሉንም ጫፍ አብረው ይቆርጣሉ።

ስለዚህ አያት ያላችሁ፣ ዘንድሮ ቅዱ። ፍራሹን አቁሙ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ፣ ደረቁን ቅጂ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ግጥሙንም እሳቸው አጠገባችሁ እያሉ ቃል በቃል እየጠየቃችሁ ጻፉ። ከዚያ በላዩ ላይ የፈለጋችሁትን አዳራሽ ልበጡ።

የቸገራችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ ቤቴን ታውቁታላችሁ። ፊኛ ግን ራሳችሁ ግዙ።

ሰላም ዋሉ። ከአሶሳ።