ክኒኑ ለልጁ ተሰጠ፤ ወንዙስ?

ስለ ቢልሃርዚያ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በየትምህርት ቤቱ የሚታደለውን ፕራዚኳንቴል ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ይቀጥል። ግን መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ ወንዝ የሚወርደውን ልጅ አይጠብቀውም። ሰኞ ክኒን የዋጠ ልጅ ቅዳሜ ከብት ሊያጠጣ ውኃ ቢገባ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ምክንያቱም ትሉ የሚራባው ውኃ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነው።

ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ የገባው እንቁላል ይፈለፈልና እጩ ቀንድ አውጣዋን ፈልጎ ይገባባታል። እዚያው ተባዝቶ ከሳምንታት በኋላ በሺዎች ሆኖ ይወጣል፤ ቆዳ በስቶ ሰው ውስጥ የሚገባው ይኼኛው ነው። የተያዘችው ቀንድ አውጣ ደግሞ እንቁላል መጣሏን ታቆማለች ማለት ይቻላል። በቃ፣ ዘሯ ተቆረጠ። ትሉን የመከተችው ግን ትራባለች፣ የመከላከያ ዘረመሏንም ለልጆቿ ታወርሳለች።

ቀንድ አውጣ እንደኛ ፀረ እንግዳ አካል አታመርትም። በደሟ ውስጥ የሚዘዋወሩ ሴሎች ትሉን ከብበው ይገድሉታል፤ ጠላትን የሚለዩ ፕሮቲኖችም አሏት። እነዚህን የሚሠሩት ዘረመሎች ብዙ ናቸው፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋም ይለያያሉ። ትሉም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እሱም በበኩሉ ማምለጫ ያበጃል። «ታዲያ ሁሏም ለምን አልቻለችውም?» ትሉ ይሆናል። መመከት ዋጋ ያስከፍላል፤ በላቦራቶሪ ተመርጠው የተራቡ ጠንካራ ቀንድ አውጣዎች የሚጥሉት እንቁላል አንሶ ተገኝቷል። ደግሞም የአንዱን አካባቢ ትል ያሸነፈች በሌላው አካባቢ ትል ትሸነፋለች።

የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የተጠናችው፣ ሙሉ ዘረመሏም እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመላት፣ የደቡብ አሜሪካና የካሪቢያን ዝርያ ናት። ፍልሚያው እንደየወንዙ የሚለያይ ከሆነ የብራዚል ውጤት ለጎጃም ወንዝ መልስ አይሆንም።

ሉማሜ ተቀምጦ ይህን ማንሣት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ደጋ ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ትሉ ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ለማደግ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ነገር ግን ውኃው ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ይሞቃል፣ ልጆቻችንም ለሥራ ወደ ቆላ ይወርዳሉ። መስኖውም እየበዛ ነው። ቆጋን የመሰለ ግድብ ስንዴና ድንች ያበላናል፣ እሰየው፤ ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ሣር የበቀለበት ቦይ ግን ለቀንድ አውጣም ምቹ ቤት ነው።

የራስን ወንዝ ማየት ምን እንደሚያስገኝ አክሊሉ ለማ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። በኋላ በዚያው ከተማ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። እንዶዱ ዛሬም በየአጥሩ አለ፤ የጠፋው ወንዙን የሚመለከት ሰው ነው።

ግድብ ሲነደፍ አፈሩ ይጠናል፣ የውኃው መጠን ይለካል። ቀንድ አውጣዋም ትጠና። ቦዩ ከመከፈቱ በፊትና በኋላ፣ ለምሳሌ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መሰብሰብ ይቻላል። አንድ በአንድ በብርጭቆ ውኃ ብርሃን ላይ ስትቀመጥ፣ በሽታውን ለማስተላለፍ የደረሰችዋ እጩን ትለቃለች፤ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ያልተያዙትም አይጣሉ፤ ዘረመላቸው የሚነበብበት ቀን እስኪደርስ በአልኮል ይቀመጡ።