ታምራት ቶላ ሲያሸንፍ የት ነበርን?

በቅድሚያ ራሴን ላጋልጥ። እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ያውም የዋዛ አይደለሁም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ «ኳስ የማይወድ ሰው ነው የጻፈው» ብሎ ለማለፍ ያሰበ ካለ በዚያ በኩል ማምለጫ የለውም።

ቅዳሜ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቤተሰብ ልጠይቅ ዋጫ ነበርኩ። ለማታውቋት፣ ዋጫ በካፋ ዞን የጨና ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ላይ አንዲት «ን» ቢጨመር ዋንጫ ይሆናል እያልን እንቀልዳለን። የዚያን ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ይጀመራል። በክረምቱ ዝናብ እየተደበደብኩ ወደ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ሄድኩ። ዝግ ነው። አንኳኩቼ የባለቤቱን ልጅ ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አስከፈትኩ። በዚያ ሁሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ልጁ እና ዝናብ ሸሽቶ የገባ አንድ የባጃጅ ሹፌር።

ታምራት ቶላ ለዚያ ውድድር ቀድሞ የተመረጠ ሯጭ አልነበረም። ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተጠራ። በዚያ ዳገት በበዛበት የፓሪስ ጎዳና 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። በወንዶች ማራቶን ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ በ24 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ወርቃችን ነበር። የባጃጁ ሹፌር ተነስቶ ጮኸ። ልጁም ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ከመንገድ ግን አንድም ሰው «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ብቅ አላለም።

በዚያው ቀን 11 ሰዓት ላይ እዚያው ቤት ተመለስኩ። ማንቸስተር ሲቲ እና ማንቸስተር ዩናይትድ ዌምብሌይ ላይ ለኮሚዩኒቲ ሺልድ ይጫወታሉ። ልብ በሉ፤ ይህ የሊጉ ጨዋታ እንኳ አይደለም፣ የወቅቱ መክፈቻ ዋንጫ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። መስኮት ላይ የተንጠለጠሉ ልጆች አሉ። ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ ሲቲ በመለያ ምት 7 ለ 6 ሲያሸንፍ ከተማው ተናወጠ። ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ።

በማግስቱ የቤቱን ባለቤት አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት ጠዋት ማራቶኑን ለምን አልከፈቱም?»

«ለማን ልክፈት? አንተ ልጅ፣ ለሦስት ሰው ጄኔሬተር አላስነሳም። ሰው ይምጣ እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ማራቶንም ይሁን የበግ ሩጫ አሳያለሁ።»

መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የእሳቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ መጻፍም አያስፈልገኝም ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበርንም። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ልጅ ነበርኩ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንድ 9 ብቻ ቀድሞ ሲገባ የሰማነው በአባቴ ራዲዮ ነው። ግቢያችን ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። የመጨረሻው 100 ሜትር ላይ ማንም አይተነፍስም። ከዚያ በኋላ ለወራት ያህል እኛ ልጆች ውኃ ልንቀዳም ስንሄድ፣ ትምህርት ቤትም ስንሄድ እንሮጥ ነበር። ግማሻችን ኃይሌ፣ ግማሻችን ቴርጋት። ቴርጋት መሆን የሚፈልግ ስላልነበረ በዕጣ ነበር የምንለየው።

ዛሬ የዋጫ ልጅ ማንን ነው የሚሆነው? ሳካን። ሃላንድን። አልፈርድበትም። በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚያየው እነሱን ነው። ታምራትን የሚያየው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ያውም አንድ ሰው በር ካንኳኳ።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ።

ከዚያ በፊት በነበረው በጋ በዚያው አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን አዘጋጅቶ ነበር። የስፖርት መምህሩ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ቢያንስ ሰዓት ያዝልን» አለኝና በስልኬ ሰዓት እንድይዝ ተመደብኩ። የሴቶች 3,000 ሜትር ተጀመረ። ሜዳው መም የለውም፤ በኳስ ሜዳው ዙሪያ ነው የሚሮጠው። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ በኮንጎ ጫማ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ብቻዋን ሆነች። አምስተኛው ዙር ላይ ሌሎቹን መደረብ ጀመረች። አሯሯጧ የሚገርም ነበር። ትከሻዋ አይነቃነቅም፣ ትንፋሿ አይሰማም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አርሰናል ይጫወታል። ሜዳው ዳር ከነበረው ሰው ግማሹ አስቀድሞ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ «ጎል!» ይላል። ማን አገባ ብዬ ውጤት ወደማይበት መተግበሪያ ገባሁ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ቀና ስል ልጅቷ መስመሩን አልፋ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ወደ ሰዓቱ ተመልሼ ስጫን ዘግይቻለሁ፤ ምን ያህል እንደዘገየሁ አላውቅም። መምህሩ «ስንት?» አለኝ። የገመትኩትን ነገርኩት። ደብተሩ ላይ ጻፈው። ከጎኑም በቅንፍ «በግምት» ብሎ ጨመረበት።

ልጅቷ አንድ ደርዘን ደብተር ተሸለመች። በዓመቱ ስጠይቅ ትምህርቷን አቋርጣ ከተማ ሻይ ቤት ተቀጥራለች አሉኝ። ኦሊምፒክ ትሄድ ነበር አልልም። በኮንጎ ጫማ የሮጠች ሁሉ ደራርቱ አትሆንም። ነገር ግን የዚያች ልጅ ትክክለኛ ሰዓት በዚህ ምድር ላይ የትም ተጽፎ የለም። ለአሠልጣኝ ደውለን «እንዲህ የምትሮጥ ልጅ አለችን» ብንል «ስንት ገባች?» ይለናል። እኛ ያለን «በግምት» ነው። ያን ሰዓት ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ለንደን ላለ፣ እኔን ለማያውቅ ክለብ ስል።

ይህን ስናገር ጓደኞቼ የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «ታዲያ ኳስ ስፖርት አይደለም ወይ? ኳስ መውደዳችን ለኳሳችን ይጠቅማል።» ጥሩ፣ እንየው።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ናት። በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ አንስታለች። ይድነቃቸው ተሰማ ኮንፌዴሬሽኑን ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ስልሳ ዓመት ቆይተን የት ደረስን? ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳ እና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ሲያሸንፉ «በሜዳቸው» ነበሩ ተባለ። ሜዳቸው የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። በአህጉሩ መስፈርት የሚያልፍ ስታዲየም አገር ውስጥ ስላልነበረን ግብፅን ያሸነፍንበትን ቀን እንኳ በባዕድ አገር ሜዳ አሳለፍነው።

ወደ ቤታችንም እንምጣ። ካፋ ቡና የሚባል፣ የዞናችንን ስም የያዘ ክለብ በከፍተኛ ሊግ መጫወቱን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ካለው ሰው ስንቱ ያውቃል? አንድ ቀን አጠገቤ የነበሩትን አምስት ልጆች ጠየቅኩ። የአርሰናልን ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ አምስቱም ያውቃሉ። የካፋ ቡናን አንድ ተጫዋች ስም የጠራልኝ የለም። እንግዲህ የምንወደው ኳስን ነው ወይስ ስክሪኑን?

የኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ክርክር «ኳስ ሌላውን ስፖርት ዋጠው» ተብሎ ይቀርባል። አይደለም። ማየት መጫወትን ዋጠው። ሩጫውም፣ መረብ ኳሱም፣ ገናው፣ ትግሉ እና ገበጣውም፣ የራሳችን እግር ኳስም አብረው ተውጠዋል።

ሕንድን ተመልከቱ። እዚያ የሕዝቡ እብደት ክሪኬት ነው፣ በሰፊ ዱላ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት። ሕንድ በሆኪ ከ1928 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ስምንት የኦሊምፒክ ወርቅ የሰበሰበች አገር ናት። ከ1980 ወዲህ በሆኪ ወርቅ የለም። አገሩ ሁሉ ክሪኬት ስለሆነ ሌላው ተረሳ ብለው ዜጎቿ አምርረው ይጽፋሉ። ፓሪስ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ይዛ ያገኘችው 6 ሜዳሊያ ነው፤ ወርቅ የለበትም። ግን አንድ ልዩነት አለ። ሕንዳውያን ያበዱበትን ጨዋታ በየመንደሩ ራሳቸው ይጫወቱታል። ሊጉ የራሳቸው ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በክሪኬት የአጭሩን ጨዋታ የዓለም ዋንጫ ወስደዋል። እነሱ ቢያንስ በራሳቸው ነገር ነው ያበዱት። እኛ ያበድነው በሰው ነው። አያቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

እኛ ደግሞ የራሳችን ወርቅ የሌለን አይደለንም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ የአትሌቲክስ ናቸው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከሮጠ ጀምሮ ማለት ነው። ሲድኒ ላይ 4 ወርቅ ነበረን። በሪዮ፣ በቶኪዮ እና በፓሪስ ግን አንድ አንድ ወርቅ ይዘን ነው የተመለስነው። ምክንያቱ ዲኤስቲቪ ቤት ነው አልልም፤ የፌዴሬሽኑ ጣጣ፣ የተፎካካሪ መብዛት፣ ብዙ ነገር አለ። ግን ማንም የማያየውን ነገር ማን ይከታተለዋል? ማን ይቆጣጠረዋል? ሕዝብ ዓይኑን ያነሳበት ሜዳ ላይ ቤት ቢሠራ ማን ይጮኻል?

«ካፋ የሯጭ አገር አይደለም» የሚለኝም አለ። በቆጂ የሯጭ አገር የሆነችው ሰማይ ላይ ተጽፎላት ነው እንዴ? ደጋ ነበራት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቹን በየቀኑ የሚያይ፣ ሰዓታቸውን የሚይዝ አሠልጣኝ ነበራት። ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ከዚያች ትንሽ ከተማና አካባቢዋ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ እና ጥሩነሽ ወጡ። ካፋም ደጋ አላት። በበጉ የታወቀውን የአዲዮን ደጋ ያየ ያውቀዋል። ልጆቻችንም በዚያ ዳገት ነው ትምህርት ቤት የሚመላለሱት። የጎደለው ዳገቱ አይደለም፤ ሰዓት የሚይዘው ሰው ነው።

ስለ ቤቲንግም ሳልናገር አላልፍም። ዛሬ ብዙው ወጣት ጨዋታውን እንኳ አያይም፤ የሚያየው ቲኬቱን ነው። «አንዷ ጨዋታ አቃጠለችኝ» የሚለውን ቅዳሜ ማታ ስንት ጊዜ ሰማችሁ? በሕይወቱ አይቶት ለማያውቀው የሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን የቀን ሥራ ገንዘቡን ያስይዛል። ያ ልጅ ስፖርት አፍቃሪ አይባልም።

ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። መንግሥት ስታዲየም ይሥራ ብዬ ከጨረስኩ ሁላችንም አጨብጭበን እንለያያለን። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ልናገር።

አንደኛ፣ ስሌት። አንድ ሰው በሳምንት አንድ ጨዋታ በ20 ብር ቢያይ በሊጉ 38 ሳምንት 760 ብር ነው። ሃምሳ ሰው 38,000 ብር ያወጣል። ይህ የአንድ ትንሽ ከተማ፣ የአንድ ዲኤስቲቪ ቤት፣ የአንድ ዓመት ሒሳብ ነው። ከዚህ ላይ የአንድ ሳምንቱን ብቻ፣ 1,000 ብር፣ ለትምህርት ቤት ውድድር ብናዋጣ ሁለት የሩጫ ሰዓትና የሜትር ገመድ ባይገዛ እንኳ መነሻ ይሆናል። መም በኖራም ይሰመራል።

ሁለተኛ፣ መዝገብ። በየትምህርት ቤቱ አንድ ደብተር ይኑር። ስም፣ ዕድሜ፣ ርቀት፣ ሰዓት። «በግምት» የሚል ቃል የማይገባበት።

ሦስተኛ፣ በር ማንኳኳት። የ2028 ኦሊምፒክ ሎስ አንጀለስ ነው። ከእኛ በአሥር ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ ብዙው የማታ ሩጫ ለእኛ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይውላል። ለቻምፒየንስ ሊግ እስከ እኩለ ሌሊት የምናመሽ ሰዎች ለዚያም መንቃት አያቅተንም። ጋሼ እንዳሉት፣ ሰው ከመጣ ይከፍታሉ።

እኔ አርሰናልን አልተውም፤ አልዋሻችሁም። ቅዳሜም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ታገኙኛላችሁ። ግን ለስፖርት መምህሩ ደውዬ ነበር። በሚቀጥለው በጋ ውድድር ካለ ሰዓት ልያዝ ብየዋለሁ። ስቆ «በስልክህ ከሆነ አልፈልግም» አለኝ። የእጅ የሩጫ ሰዓት ገዝቻለሁ። ስልኬን ደግሞ ውድድሩ እስኪያልቅ እሱ ኪስ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

እናንተስ በየከተማችሁ ባለው ትምህርት ቤት የሴቶች 3,000 ሜትር ማን እንዳሸነፈ፣ በስንት እንደገባች ታውቃላችሁ? የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ሰዓቷን ከነሰከንዱ።