የግንባታ ቦታ ጊዜያዊ ኤሌክትሪክ የሠርቶ አደሩ የሕይወት ጥያቄ ነው

የመኖሪያ ቤት ችግር በተነሣ ቁጥር ስለ መሬት፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ቤቱ በሚሠራባቸው ወራት በግቢው ውስጥ ስለሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን የተባለው እጅግ ጥቂት ነው። ዝምታው ያለ ምክንያት አይደለም። ሽቦው ጊዜያዊ ነው፤ ቤቱ ሲያልቅ ይጠቀለላል። በሥሩ ሲሠራ የነበረው የቀን ሠራተኛም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ጊዜያዊ ሽቦና ጊዜያዊ ሠራተኛ በተገናኙበት ቦታ ደግሞ ተጠያቂ የሚሆን ወገን ይጠፋል። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው የወደድነው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩን በተጨባጭ ለመመልከት ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንሂድ። በደጀን አካባቢ የምትገኘው የጥኖራ በ1970ዎቹ በገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ ስሟ በአገር ደረጃ ይነሣ ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ እንደ ሌሎቹ ብዙ ማኅበራት ሁሉ ያም ፈረሰ። ዛሬ በየጥኖራም ሆነ በቢቸናና በሞጣ ቤት የሚሠራው ግለሰቡ በግሉ፣ ወይም በቤት ሠሪዎች ማኅበር ተደራጅቶ ነው። የቤቱ ዓይነትም ተለውጧል። ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የሚሠራው ቤት መጥረቢያ፣ መዶሻና የሰው ጉልበት እንጂ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም ነበር። የብሎኬት ግድግዳ፣ የአርማታ ምሰሶና የብረት በር የሚገባበት ቤት ግን ጣሪያው ሳይቆም፣ እንዲያውም ከመሠረቱ ብቅ ሳይል፣ ቫይብሬተር፣ ግራይንደር፣ መበየጃ ማሽንና የውኃ ፓምፕ ይፈልጋል። በሌላ አነጋገር፣ ቤቱ የኤሌክትሪክ ደንበኛ ከመሆኑ በፊት ኤሌክትሪክ ፈላጊ ሆኗል። የአሠራሩ መሠረታዊ ቅራኔ ይህ ነው።

ቅራኔው እስካሁን በአብዛኛው የሚፈታው በጎረቤት ቆጣሪ ነው። ባለ ሁለት ነጠላ ቀጭን ሽቦ ከጎረቤት ሳሎን ይነሣና በአጥሩ ላይ ተሻግሮ፣ በቆርቆሮ ጠርዝ ተፈግፍጎ፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ ተንጠልጥሎ ከሥራው ይደርሳል። መጋጠሚያው በፌስታል ይጠቀለላል። መሰኪያ ከታጣም የተላጠው ጫፍ ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ በክብሪት እንጨት ይወጠራል። ለጎረቤት መብራት መከልከል በባህላችን ነውር በመሆኑ ባለቆጣሪው እምቢ አይልም። የጎረቤታሞች መረዳዳት የሚናቅ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ መረዳዳቱ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የታሪፍ አሠራር የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ዝቅተኛውን ዋጋ ይዞ፣ ፍጆታው ባደገ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ያድጋል። እንግዲህ በአንድ አምፖልና በአንዲት ሬዲዮ የምትኖር አንዲት እናት የጎረቤቷን መበየጃ ማሽን በቆጣሪዋ ስታስተናግድ፣ ለድኃው ታስቦ ከተቀመጠው እርከን ወጥታ የባለሀብቱን እርከን ትከፍላለች ማለት ነው። ቤት ሠሪው በወሩ መጨረሻ የሚሰጣት ገንዘብ ይህን ማካካሱ አጠራጣሪ ነው፤ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ የሚያሰላው ሰው ብዙ አይደለምና።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከፋው አደጋው ነው። በዚህ ረገድ ሳይንሱ የሚለውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ለ100 ሜትር ርቀት ቢዘረጋና 16 አምፔር ቢጎተትበት፣ ከ220 ቮልቱ ውስጥ ወደ 37 ቮልት የሚጠጋው በመንገድ ላይ ይቀራል። ማሽኑ ጋ የሚደርሰው 183 ቮልት ብቻ ነው። ሞተሩ ያቃስታል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ግንበኛው ግን «ማሽኑ ቻይና ነው» ብሎ ይሰድባል። በመንገድ የቀረውም ኃይል የትም አልሄደም፤ 600 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ ሽቦውን እየጋገረው ነው። ይህ የአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀት ነው። የተረፈው ሽቦ ተጠቅልሎ በአንድ ጥግ ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ልባሱን ያቀልጠዋል።

በየግንባታው ቦታ ሥር የሰደደ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ይኸውም «ፊውዝ ስላለ አያሰጋም» የሚለው ነው። ፊውዝም ሆነ ተራው ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ከመቃጠል ለማዳን ነው፤ ሰውን ለማዳን አልተሠራም። እርጥብ አርማታ ውስጥ ባዶ እግሩን የቆመ ሠራተኛ የተላጠ ሽቦ ቢነካ በአካሉ የሚያልፈው ኮረንቲ ወደ 200 ሚሊአምፔር ሊደርስ ይችላል። የልብን ምት ለማወክ ከዚህ እጅግ ያነሰው ይበቃል። ባለ 16 አምፔሩ ፊውዝ በበኩሉ 16,000 ሚሊአምፔር በሰላም እንዲያልፍ የተፈቀደለት ነው። ሰውዬው እየሞተ ፊውዙ ምንም አይሰማውም። ሰውን የሚጠብቀው በባለሙያዎች ዘንድ ኧርዝ ሊኬጅ የሚባለው፣ በ30 ሚሊአምፔር ልዩነት በሰከንድ ክፍልፋይ ኃይሉን የሚያቋርጠው መቁረጫ ነው። የሄደውና የተመለሰው ኮረንቲ እኩል አለመሆኑን ባወቀ ጊዜ የቀረው በሰው አካል በኩል ወደ መሬት እየሄደ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል፤ አይጠራጠርም፣ አይጠይቅም፣ ይቆርጣል።

«የመሬት መስመር ቀብረናል» የሚሉም አሉ። መልካም ነው፤ ነገር ግን የት መሬት? የቢቸናና የአካባቢዋ ጥቁር መረሬ ለጤፍ እንደሚስማማ ማንም አይክድም። ለኤሌክትሪክ ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። በክረምት ያብጣል፣ ዘንግና ምሰሶ ያዘነብላል። በበጋ ይሰነጠቅና ከተቀበረው ዘንግ ይለያል። የመሬት መስመሩ ተቃውሞ 50 ኦም ቢደርስ፣ አካሉ ኮረንቲ ከያዘ ማሽን ወደ መሬት የሚፈሰው 4.4 አምፔር ብቻ ይሆናል። ይህ ባለ 16 አምፔሩን ፊውዝ አይበጥስም፤ ማሽኑም ኮረንቲ እንደያዘ የሚነካውን ይጠብቃል። የግንባታው ወቅት አዝመራው ከገባ በኋላ ያለው በጋ በመሆኑ፣ መሬቱ የሚከዳው ሥራው በሚጧጧፍበት ጊዜ ነው። ስለሆነም በእኛ ተጨባጭ ሁኔታ ኧርዝ ሊኬጁ እንደ ቅንጦት የሚታይ ዕቃ ሊሆን አይገባም።

ሌሎች አገሮች ይህን መፍትሔ ያገኙት ከደማቸው ተምረው ነው። በጀርመን የግንባታ ቦታ ኃይል የሚያገኘው ለዚሁ ተብሎ ከተሠራ የማከፋፈያ ሳጥን ነው፤ የእጅ መሣሪያ የሚሰካባቸው ሶኬቶችም በ30 ሚሊአምፔር መቁረጫ ይጠበቃሉ። እንግሊዞች ሌላ መንገድ መርጠዋል። በግንባታ ቦታ የእጅ መሣሪያዎችን በ110 ቮልት ያሠራሉ፤ የትራንስፎርመሩ መሐል ከመሬት ጋር ስለሚታሰር ሠራተኛው ከአንዱ ሽቦ ወደ መሬት ቢነካ የሚያገኘው 55 ቮልት ብቻ ነው። የሁለቱ አገሮች ዘዴ ቢለያይም መነሻው አንድ ነው፦ በግንባታ ቦታ ሽቦ እንደሚቆረጥ፣ ሠራተኛም እንደሚሳሳት አስቀድሞ ታውቋል። በእኛ ዘንድ ግን አንድ ሰው ኮረንቲ በያዘው ቁጥር «ጥንቃቄ ጎደለው» ይባልና ነገሩ በሟቹ ላይ ይዘጋል።

የሕግ ክፍተት ነው እንዳይባል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ነገር ግን ለሦስት ቀን አርማታ ለመሙላት ከአደባባይ የተጠራው ወጣት አሠሪው ማን ነው? ባለቤቱ ወደ ኮንትራክተሩ፣ ኮንትራክተሩ ወደ ግንበኛው፣ ግንበኛውም ወደ ዕድል ይጠቁማል። በሌላው ወገን ደግሞ ሕጋዊ መስመር ለመጠየቅ የሄደው ቤት ሠሪ «ቆጣሪ የለም»፣ «ትራንስፎርመሩ ሞልቷል»፣ «ቤቱ ሲያልቅ ና» የሚሉትን መልሶች በቃሉ ያውቃቸዋል። ሕጋዊው መንገድ ወራት የሚፈጅ፣ ሕገ ወጡ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃው ሲሆን ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ጥናት አያሻም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውኃው ጎጃምን ዞሮ የሚሄደው ዓባይ ነው። ኃይሉ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የመጨረሻዎቹን 100 ሜትሮች በፌስታል በተጠቀለለ ሽቦ መሄዱ የቴክኒክ ድክመት ብቻ አይደለም፤ የአደረጃጀት ድክመት ነው።

በአደረጃጀት የተፈጠረውም በአደረጃጀት ይፈታል። በክልሉ ቤት የሚሠራው ሕዝብ በብዛት በማኅበር የተደራጀ ነው፤ የአንድ ማኅበር አባላት ቦታዎችም በአብዛኛው ጎን ለጎን ናቸው። ሃያ አባል ከሃያ ጎረቤት ሃያ ሽቦ ከሚስብ፣ ማኅበሩ በአንድ ማመልከቻ አንድ ጊዜያዊ መስመር፣ አንድ ዋና ቆጣሪና አንድ የማከፋፈያ ሳጥን ይጠይቅ። ሳጥኑ ዝናብ የማያስገባ፣ ቁልፍ ያለውና ከሰው ወገብ በላይ የተሰቀለ ይሁን። ኧርዝ ሊኬጁ፣ ለየሶኬቱ የተለየ ብሬከርና እንደ ርቀቱ የተሰላ ወፍራም ገመድ ይኑረው። ወጪው ለሃያ ሲካፈል ከአንድ የተቃጠለ ሞተር ዋጋ የሚበልጥ አይመስለንም። ቤቶቹ ሲያልቁ ሳጥኑ ወደሚቀጥለው ማኅበር ይተላለፍ። ተከላውን የሚሠሩ ወጣቶች ከቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች በየዓመቱ ይመረቃሉ፤ ብዙዎቹም ሥራ ፈላጊዎች ናቸው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም የሚጠየቀው ነገር አለ። የቆጣሪ እጥረት ለጊዜያዊው መስመር በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ጊዜያዊ ቆጣሪ ተመላሽ ነውና። በየወረዳው ማእከል ለዚህ ብቻ የተመደቡ ጥቂት ቆጣሪዎች ከአንዱ ግንባታ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ለዓመታት ሊያገለግሉ ይችላሉ። የምላሹም ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር ሆኖ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። የከተማ አስተዳደሮች የግንባታ ፈቃድ ሲሰጡ የቤቱን ንድፍ እንደሚመረምሩ ሁሉ ለሥራው የሚያስፈልገው ኃይል ከየት እንደሚመጣ በዚያው ወረቀት ላይ ይጠይቁ፤ መሠረት ከመቆፈሩ በፊትም ሳጥኑ መቆሙን አንድ ባለሙያ ሄዶ ይይ። ሠራተኞቹ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው አስቀድሞ በኧርዝ ሊኬጁ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑ፤ ኃይሉ ካልተቋረጠ በዚያ ቀን ማንም ማሽን እንዳይሰካ።